ሠላሳ አንድ ዙር ጠፍር

ኪላቡክ ሰባ አራት ዓመቱ ነው፤ እኔ ሃያ ስድስት። ልጄ ነው።

ከእኛ ከሰሜን ጫፍ የበረዶ አገር በታች ላሉት ለደቡብ ሰዎች ይህን ማስረዳት ሰልችቶኛል። እነሱ ከተማ ዊኒፔግ ዩኒቨርሲቲ ስማር አንድ ክፍል የተጋራችኝ ልጅ አራት ዓመት ሙሉ አልገባትም፤ ነገሩ ግን ቀላል ነው። እኔ የተወለድኩት የኪላቡክ እናት በሞተች በሦስተኛው ወር ነው። ስሟን ለእኔ ሰጡኝ። እኛ ዘንድ ስም የወረሰ ሰው ዝምድናውንም ይወርሳል። ስለዚህ ኡሉሪያክ ነኝ፤ የኪላቡክም እናት ነኝ። እሱ «እማዬ» ይለኛል፤ እኔ «ልጄ» እለዋለሁ። ሚስቱ ሳውሚክ በሰባ ዓመቷ ምራቴ ነች። አራት ዓመቴ ሳለሁ ኪላቡክ ከአደን ሲመለስ የአቆስጣውን፣ የዚያን በረዶ ላይ የሚተኛ የባሕር እንስሳ፣ ጉበት ቆርሶ መጀመሪያ የሚያቀምሰው እኔን ነበር። የእናት ድርሻ ነዋ።

አሁን በመንደራችን የአዳኞች ማኅበር ቢሮ ውስጥ እሠራለሁ። ማኅበሩ በየዓመቱ በግንቦት፣ የባሕሩ በረዶ መሰነጣጠቅ ሳይጀምር፣ ሽማግሌዎችን በበረዶ ጋሪ እየጫነ በረዶው አልቆ ውቅያኖሱ ክፍት ወደሆነበት ጠርዝ ይወስዳል። አምስት ቀን ያድናሉ፣ ይበላሉ፣ ይዋሻሉ። ዘንድሮ አዲስ ደንብ መጣ፤ ያልተመረመረና ያልተፈረመበት ጠመንጃ አይሄድም። ምክንያት አለው። አምና በሌላ መንደር የተሰነጠቀ ሰደፍ ሲተኮስ ተፈናጥሮ የአንድ ሰው ጉንጭ ቀድዷል። የሁለት ሳምንት ኮርስ የወሰድኩት እኔ ስለነበርኩ መርማሪዋ እኔ ሆንኩ።

ጋሪዎቹ ሊነሱ ልክ አንድ ሳምንት ሲቀር፣ ሰኞ ዕለት፣ ቅጾቼን ይዤ ቤት ለቤት ዞርኩ። ኪላቡክ ቤት የደረስኩት አሥራ ሁለት ጠመንጃ ከመረመርኩ በኋላ ነው።

«አማቴ መጣች!» አለች ሳውሚክ በሩን ሳልዘጋው። «ኪላቡክ፣ እግርህን ከወንበሩ አውርድ፤ እናትህ ናት!»

«ምራቴ፣ ሻይ አለ?»

«ለአንቺ መቼ ጠፍቶ ያውቃል። ይልቅ ይህን ልጅሽን ውሰጂልኝ። ከጠዋት ጀምሮ ያቺን ጠመንጃ በዘይት ያሻል። እኔን እንዲህ አሽቶኝ አያውቅም።»

«አንቺን ዝገት አይነካሽማ» አለ ኪላቡክ፣ ዓይኑን ከጠመንጃው ሳይነቅል።

ጠመንጃዋ ሃያ ሁለት የሚሏት ዓይነት ናት፤ አንድ ጥይት ጎርሳ አንድ የምትተኩስ። ጥይቷ ከትንሿ ጣት ጫፍ አትበልጥም፤ መምቻው መሃሏን ሳይሆን ጠርዟን ነው የሚመታት። የሠሪው ስም ከብረቱ ላይ ተፍቆ ጠፍቷል። አፈሙዙን ወደ መስኮቱ አዙሬ ውስጡን አየሁ፤ እንደ መስታወት ያበራል። መቀርቀሪያው አይንገጫገጭም። ቃታው ልክ ነው። ሰደፉ ከጎኑ ተፍቆ ተፍቆ የሰው ፊት ቅርጽ ይዟል። የኪላቡክ ቀኝ ዓይን ከስድስት ዓመት ወዲህ ጉም ለብሷል፤ ስለዚህ በግራው እንዲያነጣጥር እንጨቱን በግራ ጉንጩ ልክ ራሱ ቀርጾታል። እስከ ጥያቄ ስድስት ድረስ ምልክት እያደረግሁ ወረድኩ።

ጥያቄ ሰባት «ሰደፉ ላይ ስንጥቅ አለ ወይ?» ይላል።

ከቃታው ኋላ፣ እጅ በሚጨብጠው ቀጭን አንገት ላይ፣ ጥቁር ነገር ተጠምጥሟል። እጅ ስላለሰለሰው መጀመሪያ የእንጨቱ አካል መስሎኝ ነበር። ጠፍር ነው።

«ከዚህ ሥር ምንድን ነው?»

«ስንጥቅ።»

«ምን ያህል?»

«እንጃ። ካየሁት አምሳ ዓመት አልፎታል። ውሾቹ ደንብረው ጋሪው ሲገለበጥባት ነው።»

«ሳላየው መፈረም አልችልም። ማሰሪያውን ቁረጠው።»

ኪላቡክ ቀና ብሎ አየኝ። ሳውሚክ የሻይ ማንቆርቆሪያውን እንደያዘች ቀረች። የሽማግሌ ማንገራገር መሰለኝ።

«ቁረጠው እንጂ ልጄ፤ ገና አሥር ጠመንጃ ይቀረኛል።»

ቢላውን ከወገቡ አወጣ። ጠፍሩን በአንድ በኩል ጫረው፣ ደገመው። ሦስተኛው ላይ ጠፍሩ ጧ ብሎ ተፈታና ሰደፉ ለሁለት ተለያየ። አንዱ ግማሽ ጠረጴዛው ላይ፣ ሌላው ጭኑ ላይ ቀረ። 

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ምኑን?»

«እንደሚሰበር ነዋ! የያዘው ጠፍሩ ብቻ እንደሆነ!»

«ያሰርሽው አንቺ ነሽ» አለ ኪላቡክ። ፊቱ ላይ ቀልድ የለም። «ያኔ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር፤ በጥርስሽ እየሳብሽ አሰርሽልኝ። ዛሬ ፍታው ስትይኝ ምን ልበል? የምታውቂው ነገር ይኖራል ብዬ ነው እንጂ።»

«እናትና ልጅ ተነጋገሩ» አለች ሳውሚክ፤ ሻይዬን አስቀምጣ ወደ ጓዳ ሄደች። «እኔ የለሁበትም።»

አሥር ጠመንጃ ይቀረኛል ብዬ የጮህኩት እኔ፣ ከዚያ ወንበር ሩብ ሰዓት አልተነሳሁም። ኪላቡክ ሁለቱን ስባሪ ገጣጥሞ አየ፤ ለየ፤ ደግሞ ገጠመ።

«እንግዲህ ዘንድሮ ድንኳን ጠባቂ መሆኔ ነው» አለ። «ሻይ አፈላላችኋለሁ።»

«የሰው ጠመንጃ እንዋስልሃለን።»

«ለቀኝ ዓይን በተሠራ ሰደፍ? አቆስጣው ስቆ ይሞት እንደሆነ እንጃ፤ በጥይት ግን አይሞትም።»

ያን ቀን ደቡብ ላሉ ጠመንጃ ሻጮች ስልክ ደወልኩ። ለዚያ ዓይነት ጠመንጃ ሰደፍ መሥራት ካቆሙ ቆይቷል አሉኝ። ሌላም ቦታ ደወልኩ፤ መልሱ ያው ነው። በሚመጣው ሰኞ ጠዋት ጋሪዎቹ ይነሳሉ። በሰባ አራት ዓመቱ ዘንድሮ ድንኳን የጠበቀ ሰው በሚመጣው ዓመትም ከድንኳን ጥበቃ ሌላ ሥራ አይሰጠውም፤ ያንን ለማወቅ ዩኒቨርሲቲ መግባት አያስፈልግም።

ማክሰኞ ጠዋት ከሱቅ ሙጫ ገዛሁ፤ ሁለት ቱቦ ሆኖ የሚመጣውን፣ ተቀላቅሎ የሚደርቀውን። ሳልቀመጥ ቀላቀልኩ፣ ቀባሁ፣ ገጠምኩ፣ በፕላስተር ጠፍንጌ አሰርኩ። ኪላቡክ እጁን አጣጥፎ አየኝ።

«አሁን ከብረት ይጠነክራል» አልኩት።

«እሺ እማዬ።»

ረቡዕ ጠዋት ፕላስተሩን ላጥኩና ሰደፉን በጫፉ ያዝኩት። አንገቱ ላይ እንደ ድስት ክዳን ተነሳ። ሙጫው ከእንጨቱ ላይ አንድም ሳይቀር፣ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ሆኖ ወጣ። ኪላቡክ ልጣጩን አንስቶ በብርሃን አየው፤ ጎበጥ ዘንበል አደረገው።

«ጥሩ ሙጫ ነው» አለ።

«ጥሩ ቢሆንማ ይይዝ ነበር።»

«ጥፋቱ የሙጫው አይደለም። ይህ እንጨት አምሳ ዓመት የአቆስጣ ዘይት ሲጠጣ ኖሯል። ዘይት ላይ ምን ይጣበቃል? ዩኒቨርሲቲ ምንድን ነው ያስተማሩሽ?»

«አስተዳደር።»

«እሱም የሚጣበቅ አይመስለኝም።»

ከጓዳ የሳውሚክ ሳቅ ተሰማ።

«ታዲያ ትናንት ስቀባ ለምን ዝም አልከኝ?»

«እናት ስትሠራ ልጅ አፉን ይይዛል።»

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ይህ ሰው እውቀቱን ሁሉ በአክብሮት ቆልፎበታል፤ ቁልፉን የያዝኩት እኔ ነኝ፤ እኔ ደግሞ ስለ እንጨት የማውቀው ነገር የለም። ተቆጣሁ፤ በእሱ ይሁን በራሴ አላውቅም።

«ስማኝ ልጄ» አልኩት። «ከዛሬ ጀምሮ ስሳሳት ዝም አትበለኝ። እናትህ ነኝ፣ አዝዤሃለሁ።»

አሰበ። ከዚያ እስከ ሰው ሠራሽ ድዱ ድረስ ሳቀ።

«እንግዲያው ቁጭ በይ» አለ። «እጅሽንም ኪስሽ ክተቺ።»

እጄን ኪሴ ከተትኩ።

መጀመሪያ ብረቱን ከእንጨቱ ለየ፤ አንዲት ብሎን በካቻቢቴ ፈትቶ፣ ብረቱን በፎጣ ጠቅልሎ አልጋ ላይ አስተኛው። ከዚያ ሳውሚክን ጠመኔ ለመናት። ሳውሚክ ትምህርት ቤት ታጸዳ ስለነበር ቤቷ ውስጥ የተሰባበረ ጠመኔ በቆርቆሮ ሙሉ አለ። ወቀጠው፣ በጥቂት ውሃ ለወሰው፣ በሁለቱ ስባሪ አፎች ላይ እንደ ጭቃ መረገው። ሰደፉን ከምድጃው በላይ፣ እጅ ሳያቃጥል በሚሞቅበት ከፍታ፣ በገመድ አንጠለጠለው።

«አሁንስ?»

«አሁን ሻይ።»

በአንድ ሰዓት ውስጥ ነጩ ጠመኔ ቢጫ ሆነ። ሙቀቱ ዘይቱን ከእንጨቱ እየገፋ ያወጣዋል፣ ጠመኔው ይጠጣዋል። ኪላቡክ ፍቆ ጣለው፤ አዲስ መረገ። ቢሮ ሄጄ ተመለስኩ፤ ሁለተኛውም ቢጫ ነው። እንደገና ሄጄ ተመለስኩ።

«አልደረቀም?»

«አሁንም አቆስጣ አቆስጣ ይለኛል» አለ፤ ስባሪውን እያሸተተ። «ይቺ ስንት ነፍስ በልታለች መሰለሽ።»

አምስት ጊዜ ተመላለስኩ። አምስተኛው ላይ ጠመኔው ነጭ ሆኖ ቆየ። ኪላቡክ እንጨቱን በብሩሽ ጠርጎ፣ ጣቱን ውሃ ውስጥ ነክሮ አንዲት ጠብታ ስብራቱ ላይ ጣለ። ጠዋት ቢሆን ጠብታዋ እንደ ዶቃ ትንከባለል ነበር። አሁን ዝም ብላ ሰመጠች።

«ውሃ ካስገባ ሙጫ ያስገባል» አለ።

እኔ ያንን ስብራት በአሥር ደቂቃ ቀብቼው ነበር። እሱ ሙጫ ከመንካቱ በፊት አንድ ሙሉ ቀን አዳመጠው፤ ሌላ ቃል የለኝም።

ሐሙስ ቀን የአጋዘን ቀንድ አመጣ። ሁለት ችንካር ቀረጸ፤ ከክብሪት እንጨት ትንሽ የወፈሩ፣ እንደ ጣት የረዘሙ። ሰደፉን ገጥሞ፣ ለስላሳ ቆዳ አልብሶ በሞርሳ ያዘው። መሰርሰሪያው በባትሪ የሚሠራ አዲስ ነው፤ ኪላቡክ የድሮ መሣሪያ የሚያመልክ ሰው አይደለም፣ የሚሠራውን ይወዳል። አንዱን ቀዳዳ ከላይ ወደ ታች፣ ሌላውን ከግራ ወደ ቀኝ ሰረሰረ። ከዚያ ስባሪዎቹን ለያይቶ፣ የአንደኛውን ግማሽ ቀዳዳዎች በሞረድ በፀጉር ያህል ወደ ውስጥ አሰፋቸው።

«አሁን አጣመምካቸው» አልኩ። «ከዚያኛው ጋር አይገጥሙም።»

«ጎሽ፤ አየሽ?» አለ ደስ ብሎት። «አይገጥሙም። ችንካሩ ሲገባ ለመግጠም ሲል ሁለቱን ይጎትታቸዋል። የሚጎትት ነገር ከሌለ ሙጫ ብቻውን ምን ያደርጋል?»

«ለምን ምስማር አትጠቀምም? ወይም ብሎን?»

«ጋሪያችን ላይ ምስማር አይተሽ ታውቂያለሽ?»

አላውቅም። የበረዶ ጋሪ ሁሉ በገመድ የታሰረ ነው፤ ይህን ከልጅነቴ ጀምሮ አያለሁ፤ ለምን ብዬ ግን ጠይቄ አላውቅም።

«ምስማር አይሰማም» አለ ኪላቡክ። «ብርድ ሲመጣ እንጨቱ ይኮማተራል፣ ብረቱ በራሱ መንገድ ይሄዳል፤ መሃላቸው ይሰነጠቃል። ቀንድ ግን ከእንጨት ጋር ይግባባል። ጠፍርም እንደዚያው።»

ሱቅ ልኮኝ ቀስ ብሎ የሚደርቀውን ሙጫ አስመጣኝ። እንጨቱን ምድጃው ላይ አሞቀው፤ ሙጫው እንደ ማር ቀጥኖ ስንጥቁን ተከትሎ ወረደ። ገጠመ፣ ችንካሮቹን በእንጨት መዶሻ ቀስ እያለ መታ። ሁለተኛው ሲገባ ስንጥቁ ዓይኔ እያየ ተዘጋ፤ ትርፍ ሙጫው እንደ ላብ ፈለቀ። በተቆረጠ የጎማ ካላማዳሪያ ከላይ እስከ ታች ጠቀለለውና መስኮት ላይ አስቀመጠው።

«ነገ ጠዋት» አለ። «እስከዚያ ከነካሽው ምራትሽን እጠራብሻለሁ።»

ዓርብ ካላማዳሪያውን ፈታን። በጥፍሬ ስንጥቁን ፈለግሁ፤ አገኘሁት፤ ግን የተሰማኝ መስመር እንጂ ክፍተት አልነበረም። ኪላቡክ የተረፈውን ሙጫ በሞረድ፣ ከዚያ በብርጭቆ ወረቀት አነሳ። አንገቱ ዙሪያ ግን እጁን ያዝ አደረገ።

«ይህን አልነካውም። ተመልከቺ።»

እንጨቱ ላይ የአሮጌው ጠፍር ዱካ ቀርቷል፤ ዙር በዙር፣ እንደ ጣት አሻራ። የሞተችው ኡሉሪያክ የሳበችበት ጉልበት ነው እንጨቱን እንዲህ ያጎደጎደው። በጥፍሬ ቆጠርኩ። ሠላሳ አንድ። አንዱም ከሌላው አልሰፋም፣ አልጠበበም።

«ሠላሳ አንድ ነው» አልኩት።

«አውቃለሁ። ያኔ አስቆጥረሽኛል።»

አዲሱ ጠፍር ጢማም ከሚባለው ትልቅ አቆስጣ ቁርበት ነው፤ አምና በጋ ሳውሚክ ከዳር ጀምራ ክብ እየዞረች፣ ሳይበጠስ አንድ ረጅም ገመድ አድርጋ የቆረጠችው። ከጠዋት ጀምሮ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ተነክሮ እንደ ተቀቀለ ፓስታ ለስልሷል። ኪላቡክ አንዱን ጫፍ ዱካው ላይ አስይዞ፣ ሌላውን ጥርሱ ውስጥ ነከሰ፤ ሰደፉን በሁለት እጁ ይዞ ጭንቅላቱን ወደ ኋላ ሳበ።

ጥርሱ ከነድዱ ወጣ፤ ጠፍሩ ላይ እንደተነከሰ ተንጠለጠለ።

ሳውሚክ ወለሉ ላይ ተቀምጣ ሳቀች፤ መተንፈስ እስኪያቅታት።

«ምራቴ፣ ከምትስቂ ለምን አንቺ አትስቢም?»

«አማቴ፣ አራት ጥርስ ነው የቀረኝ። እነሱንም ለሥጋ ቀጥሬያቸዋለሁ።»

ኪላቡክ ጥርሱን አጥቦ መልሶ አስገባ። ወደ እኔ አየ። 

«በል አምጣ» አልኩ።

ጠፍር አፍ ውስጥ ሲገባ የዓሣ፣ የጭስና የአሮጌ ጫማ ጣዕም አለው። እኔ እነክሳለሁ፣ አንገቴን አግድሜ እስባለሁ፤ እሱ ሰደፉን ያዞራል፣ በአውራ ጣቱ ዙሩን ወደ ጎረቤቱ ያስጠጋል። ቀላል መስሎኝ ነበር። አሥረኛው ዙር ላይ መንጋጋዬ መንቀጥቀጥ ጀመረ።

«ሳቢ።»

«እምምም!»

«አልሳብሽም። ከአንገትሽ ሳይሆን ከወገብሽ ሳቢ።»

አሥራ ስድስት። አሥራ ሰባት። ኪላቡክ ቆመ፤ ጣቱን አሳለፈ።

«አሥራ አራተኛው ላልቷል።»

ጠፍሩን ተፋሁት። «ማን ያየዋል?»

«ባሕሩ» አለ። «ፍቺው፤ ከአሥራ ሦስት እንጀምራለን።»

የማልጽፈውን ነገር ተናገርኩ። ሳውሚክ ጆሮዋን ያዘች።

«ስትነክሺ አትሳደቢ» አለ ኪላቡክ፤ «ይላላል።»

አራቱን ዙር ፈታን፤ እንደገና ሳብኩ። የመጨረሻዎቹን አምስት ዙሮች በእጥፍ የዓሣ ማጥመጃ ክር ላይ አሳልፎ ጠመጠማቸው፤ የጠፍሩን ጫፍ በክሩ ቀለበት አግብቶ ክሩን ሲጎትተው፣ ጫፉ ዙሮቹ ሥር ገብቶ ጠፋ። ቋጠሮ የለም። የሚፈታ ነገር የለም። ሠላሳ አንድ እርጥብ ዙር፣ እያንዳንዱ በአሮጌው ዱካ ውስጥ ተኝቷል።

ውጤቱ ቶሎ እንዲታይ ፈልጌ የፀጉር ማድረቂያዬን ላምጣ አልኩ።

«ቆዳ እንጂ ፀጉር አይደለም። በእሳት የደረቀ ጠፍር እንደ ብስኩት ይፈረፈራል። ነፋስና ፀሐይ ነው የሚፈልገው፤ ሁለቱንም እግዜር በነፃ ሰጥቶናል።»

በግንቦት ፀሐይ እኛ ዘንድ አትጠልቅም፤ ነፋሱም አያርፍም። ሰደፉን ከቤቱ ክዳን ጥግ ሰቀልነው፤ ውሾች ጠፍር ከሥጋ ለይተው አያውቁምና ከፍ አድርገን። ቅዳሜንና እሑድን ሳውሚክ ጥቁር መነጽሯን አድርጋ፣ ዱላዋን ይዛ ሥሩ ተቀመጠች። የሚያልፍ ሁሉ «ምን ትጠብቂያለሽ?» ሲላት «አማቴ የነከሰችውን» ትላለች። ኪላቡክ በየጥቂት ሰዓቱ ወጥቶ ጠፍሩን በጥፍሩ ያንኳኳዋል። ቅዳሜ ድምፁ እንደ ሥጋ ደነዘ። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ስንደርስ እንደ አጥንት ጮኸ። ደርቆ ከሲሶው በላይ ሳስቷል፤ እንጨቱን ግን እንደ ብረት ጨብጧል።

ሰኞ ጠዋት ጋሪዎቹ በረዶው ላይ ተሰልፈዋል። ጉዞውን የሚመራው ጆዋናሲ ነው፤ ነጭ ድብ የማይፈራ፣ ወረቀት ግን የሚፈራ ግዙፍ ሰው። ቅጼን ሁለቴ አነበበ።

«ኡሉሪያክ፣ እዚህ ‹ተሰብሯል፣ ተጠግኗል› ብለሽ ጽፈሻል።»

«አዎ።»

«ቅጹ የሚጠይቀው ስንጥቅ አለ ወይ የለም ወይ ነው።»

«ቅጹ ሞኝ ነው። ያየሁትን ጻፍኩ።»

ጠመንጃውን ተቀበለ። አንገቱን በሁለት እጁ ይዞ ለመጠምዘዝ ሞከረ፤ ጉልበቱ ላይ አስደግፎ ጫነው። አቆስጣ ብቻውን ከጉድጓድ የሚጎትት ሰው ነው። ፊቱ ቀላ። ሰደፉ አላቃሰተም።

«ውስጡ ምን አለ?»

«ሙጫ፣ ሁለት ችንካር የአጋዘን ቀንድ፣ ሠላሳ አንድ ዙር ጠፍር። የኔም ምራቅ።»

«ካልተኮሰ አልፈርምም» አለ ጆዋናሲ።

ኪላቡክ መልስ ሳይሰጥ ጠመንጃዋን ጋሪው ላይ በገመድ አሰራት፤ አንድ ጥይት አጎረሳት፤ ቃታዋ ላይ ረጅም ክር አስሮ ሁላችንንም ወደ ኋላ አሸሸን። ክሩን ሳበ። ጧ። ሄዶ አንገቷን መረመረ፤ ከዚያ ፈታት።

«በእሷ አልጠራጠርም» አለኝ ዝቅ ብሎ። «ግን አንቺ ጉንጬን ትወጂዋለሽ።»

አምሳ እርምጃ ላይ የሻይ ቆርቆሮ አቆምን። ኪላቡክ በሆዱ ተኛ፤ ግራ ጉንጩን ያ የተቀረጸ ጎድጓዳ ላይ አሳረፈ። አምስት ጊዜ ተኮሰ፤ በየመሃሉ ቀለሁን አውጥቶ ኪሱ ይከታል። ጆዋናሲ ቆርቆሮውን አመጣው። መዳፌን ስዘረጋበት አምስቱም ቀዳዳ ተሸፈነ።

ጆዋናሲ ቀዳዳዎቹን በጣቱ ቆጠራቸው። ከዚያ የራሱን፣ ያን ሁሉ መነጽር የተጫነበትን አዲሱን ጠመንጃ አየት አደረገ።

«ብዕር ስጪኝ» አለ።

በሁለተኛው ቀን፣ ከጠርዙ ወዲህ፣ አንድ አቆስጣ ከመተንፈሻ ቀዳዳው ወጥቶ ፀሐይ ሲሞቅ አየን። ሩቅ ነው፤ በመነጽር እንኳ ጥቁር ነጥብ። ጋሪውን የሚጎትተውን የበረዶ ሞተር አጠፋሁ። ኪላቡክ አቆስጣው ከበረዶው እንዳይለየው ነጩን የጨርቅ ጋሻ ፊቱ ዘርግቶ፣ ጠመንጃዋን በመሃሉ ቀዳዳ አውጥቶ፣ በሆዱ መሳብ ጀመረ።

አቆስጣ ደህና አድርጎ አይተኛም። ትንሽ ያንቀላፋል፣ ራሱን ቀና አድርጎ ዙሪያውን ያያል፣ እንደገና ይተኛል። አቆስጣው ሲተኛ ኪላቡክ ይሳባል፤ ሲያይ ይደርቃል። አምስት ክንድ፤ ይቆማል። ሦስት ክንድ፤ ይቆማል። አርባ ደቂቃ ፈጀ። እኔ ብሆን በአሥረኛው ደቂቃ ተነስቼ እጮህ ነበር። መነጽሬን አላወረድኩም። የማየው ያንን ጠመኔ አምስቴ የመረገውን ሰው ነው፤ እንጨትም ይሁን አውሬ፣ ጊዜው እስኪደርስ አብሮት የሚቆይ።

የተኩሱ ድምፅ ትንሽ ነበር፤ ደረቅ እንጨት እንደተሰበረ። የአቆስጣው ራስ በረዶው ላይ ዝቅ አለ፤ ወደ ቀዳዳውም አልተንሸራተተም።

ኪላቡክ ግን አልተነሳም።

ሞተሩን አስነስቼ በረርኩ። ስደርስ በሆዱ እንደተኛ፣ ጉንጩን ሰደፉ ላይ እንዳስደገፈ ነው፤ ዓይኖቹ ተጨፍነዋል።

«ልጄ! ምን ሆንክ? ተመታህ? ሰደፉ ነው?»

«ምንም አልሆንኩ» አለ ሳይንቀሳቀስ። «ደስ ብሎኝ ነው። ዝም በይ እማዬ።»

ዝም አልኩ። በሕይወቴ ያን ያህል ረጅም ጊዜ ዝም ብዬ የማውቅ አይመስለኝም።

በመጨረሻ ተነሳ። ጉልበቱ ቋቋ አለ። አንድ እፍኝ በረዶ አፉ ውስጥ አሟሟና አጎንብሶ በአቆስጣው አፍ ውስጥ አፈሰሰለት፤ የባሕር እንስሳ ጨው ውሃ ሲጠጣ ኖሮ ተጠምቶ ነው የሚመጣልን። ከዚያ ቀና ብሎ በሚያየው ዓይኑ ወደ ጠርዙ ተመለከተ።

«ሌላ ተኝቷል» አለ።

«የት? እኔ ምንም አይታየኝም።»

 ጨርቁን ዘርግቶ፣ አንድ ጥይት ከኪሱ አውጥቶ አጎረሳትና እንደገና በሆዱ ተኛ። እኔ ጓንቴን አጥልቄ የመጀመሪያውን ወደ ጋሪው መጎተት ጀመርኩ።